ሳንቶሪኒ ወይስ ፍጥሞ? ከእናቴና ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር 9 ሌሊት

ሰብለ_ፍራንክፈርት
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ግሪክ ልንሄድ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ3 እና የ5 ዓመት ልጆቻችን፣ ከአዲስ አበባ የምትመጣው እናቴም አለች። ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ሳንቶሪኒ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ። እናቴ ደግሞ ግሪክ የሚለውን እንደሰማች "ፍጥሞ ሩቅ ነው?" አለች። ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ ሳልሳለም ብመለስ ይቆጨኛል ትላለች። ልጆቹ አሸዋና ውሃ ካገኙ ሌላ አይጠይቁም። እኔ ማረፍ ነው የምፈልገው።

ያሰብኩት ይህን ነው። አቴና 1 ሌሊት፣ ሳንቶሪኒ 3፣ ናክሶስ 2፣ ፍጥሞ 2፣ ከዚያ አቴና 1 አድረን መመለስ። ካርታ ላይ ሳየው ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ላይ ትቸገራለች። በጀታችን መካከለኛ ነው። እስቲ የምታውቁትን ጣል ጣል አድርጉልኝ።

ኪፕሴሊ (አቴና)
ሰብለ፣ እዚህ አገር ብዙ ስለኖርኩ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ይህ ሻንጣ መጎተት እንጂ ዕረፍት አይደለም። በ9 ሌሊት 5 ጊዜ ማደሪያ ትለውጫለሽ። ከሁለት ሕፃናትና ጉልበቷን ከሚያማት እናት ጋር!

ካርታው ያታልላል። የግሪክ ደሴቶች በቡድን በቡድን ናቸው። ሳንቶሪኒ፣ ናክሶስ፣ ፓሮስ፣ ሚኮኖስና ቲኖስ ሲክላዲስ ከሚባለው ቡድን ናቸው። ፍጥሞ ግን ዶዴካኔስ ውስጥ ነው፤ ወደ ቱርክ ጠረፍ ጠጋ ብሎ፣ ከኮስ፣ ከካሊምኖስ፣ ከሌሮስና ከሮድስ ጋር። መርከቦቹ በብዛት የሚመላለሱት በየቡድናቸው ነው። ሁለቱም ቡድኖች ከአቴናው ፒሬዎስ ወደብ ጋር በደንብ ይገናኛሉ። እርስ በርሳቸው ግን ያው እንደ ዕድልሽ ነው። የመርከቡ ቀን ካንቺ ቀን ጋር ካልገጠመ ወደ ፒሬዎስ ተመልሰሽ እንደ አዲስ መነሳት ነው።

ሌላም አለ። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የለውም። ከፒሬዎስ በትልቁ መርከብ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያደርስሽ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። የተኙ ሕፃናት ተሸክመሽ በጨለማ ወደብ ላይ መውረድ ካማረሽ ይሁንልሽ።

ስለዚህ ወይ ሲክላዲስ፣ ወይ ዶዴካኔስ። መጀመሪያ ይህን ወስኚ፤ ሌላው ቀላል ነው።

የማርያም_እናት (ስቶክሆልም)
ኪፕሴሊ ያለው ልክ ነው። ስለ ሳንቶሪኒ ብቻ ልጨምር። ደሴቱ እሳተ ገሞራ ነው። መሀሉ ወደ ባሕር ሰምጦ፣ የቀረው ጠርዝ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው የምታዩት። እነዚያ የፎቶ ቤቶች የተሠሩት በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ኦያና ፊራ የሚባሉት መንደሮች ደረጃ በደረጃ ናቸው። ከፊራ ወደ አሮጌው ወደብ ብቻ 580 የሚያልፍ ደረጃ አለ። በኬብል መውረድ ይቻላል፤ ግን ሆቴላችሁ ራሱ 60 ደረጃ ሊኖረው ይችላል። ለልጆችም በየበረንዳው ጠርዝ ላይ ዓይን መንቀል የለም።

የባሕር ዳርቻውም ካማሪና ፔሪሳ ላይ ነው። አሸዋው ጥቁር ነው፤ በቀትር እግር ያቃጥላል።

ሳንቶሪኒ_ባዩ
እዚህ የምታሙኝ እኔን ነው። ባልየው ነኝ። ሚስቴ ሊንኩን ልካልኝ ነው የገባሁት። የሌለሁበት ችሎት ይቋረጥልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰው በሕይወቱ አንዴ ግሪክ ሄዶ ሳንቶሪኒን ሳያይ ይመለሳል?

ጉዞ_በርካሽ (ሮተርዳም)
ወንድሜ እኔ ከጎንህ ነኝ፤ ግማሹን መንገድ ድረስ። ሳንቶሪኒ ውብ ነው፣ ማንም ምንም ቢል። አክሮቲሪ የሚባለው ቦታ ብቻውን ያስኬዳል። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በአመድ የተቀበረ ከተማ ነው። ፎቅ ቤቶቹና የውሃ መውረጃዎቹ ሳይቀሩ ተገኝተዋል። በዚያ ላይ ጣሪያ ስላለው ፀሐይ አይመታችሁም።

ግን በመርከብ ሽርሽር የሚመጣው ሕዝብ አያድርስ ነው። በቀን ከ8,000 የሽርሽር መንገደኛ በላይ እንዳይወርድ ገደብ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ኦያ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የምታየው ፀሐይ ሳይሆን የሰው ስልክ ነው። ሳንቶሪኒን ለሁለታችሁ ብቻ አቆዩት። በኤፕሪል መጨረሻ ወይም በኖቬምበር መጀመሪያ፣ 2 ሌሊት፣ ያለ ልጅ። እናትህን ይዘህ ግን ተው።

አቤል_ቦሎኛ
ቀርጤስን ማንም አላነሳም ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት? የግሪክ ትልቁ ደሴት ነው። ከፍራንክፈርት ወደ ሄራክሊዮን ቀጥታ በረራ አለ። መርከብ መጠበቅ የለ። መኪና ትከራያላችሁ፣ ለልጆች ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ባሕር ታገኛላችሁ፣ በጀትም አይጎዳም። ለእናታችንም ሄራክሊዮን ከተማ መሀል የቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጳውሎስ "በቀርጤስ ተውሁህ" ብሎ የጻፈለት ቲቶ ነው። የራስ ቅሉ እዚያ ነው ያለው። ቬኒሶች ወስደውት ኖሮ በ1966 መልሰውታል። በደቡቡ ጠረፍ ደግሞ የጳውሎስ መርከብ የተጠጋችበት "መልካም ወደብ" ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል።

ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ደሴቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁሉን አያለሁ ካላችሁ ዕረፍቱ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ሰብለ_ፍራንክፈርት
አቤል አመሰግናለሁ፤ ቀርጤስ በእርግጥ ለልጆቹ ጥሩ ይመስላል። ግን ዛሬ ለእናቴ ስልክ ደውዬ "ከፍጥሞ ይልቅ ቀርጤስ ቢሆንስ?" ብላት "እንደ ፈቃድሽ ልጄ" አለችኝ። እናት እንደዚህ ስትል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ፍጥሞ አይቀርም። ባለቤቴን አንድ ነገር ፈልጉለት እንጂ። ያለ አቴና እንዴት ነው የሚደረሰው?

ኪፕሴሊ (አቴና)
አሁን ተግባባን። በኮስ በኩል ሂዱ።

ኮስ አውሮፕላን ማረፊያ አለው። ከጀርመን ብዙ ቀጥታ በረራ አለ፤ የበጋው መርሐ ግብር በሴፕቴምበር መጨረሻ ገና አላበቃም። ከኮስ ከተማ ወደብ ፈጣን ካታማራን (ባለ ሁለት ቀፎ መርከብ) ተሳፍራችሁ በካሊምኖስ፣ በሌሮስና በሊፕሲ በኩል ፍጥሞ ትደርሳላችሁ። 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ በቀን ብርሃን። ብቻ ልብ በሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ደሴቱ መሀል ነው፣ ወደቡ ደግሞ ከተማው ውስጥ፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በደረሳችሁበት ቀን መርከብ ለመያዝ አትሩጡ። እዚያው እደሩ።

ኮስ ራሱ ለልጆች ምቹ ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሰዉ በብስክሌት ነው የሚሄደው። ቲጋኪ የሚባለው ዳርቻ አሸዋ ነው፣ ውሃው ብዙ ሜትር ገብተሽም ጉልበት አያልፍም። የሕክምና አባት የሚባለው ሂፖክራቲስ የተወለደውም ኮስ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አስክሊፒዮን የሚባል የጥንት የሕክምና ቦታ አለ። ባሕሩ በሴፕቴምበር መጨረሻ ገና ሞቃት ነው፤ 23 ወይም 24 ዲግሪ። እንዲያውም ከጁላይ ይሻላል፤ ያ ሁሉ ሙቀትና ግፊያ የለም።

ወልደ_ዮሐንስ
ስለ ፍጥሞ ልጻፍ፤ ረዘም ይልብኛል፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ግሪኮች የቅዱስ ዮሐንስን ዕረፍት የሚያከብሩት በሴፕቴምበር 26 ነው። በእኛ መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት ማለት ነው። ገዳሙ ያን ቀንና ዋዜማውን ትልቅ በዓል ያደርጋል። እናትሽን ለዚያ ቀን ብታደርሻት ሌላ ስጦታ አያስፈልጋትም። ነገር ግን ማደሪያ ቀድሞ ያልቃል፤ አሁኑኑ ያዙ።

ደሴቱ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ነዋሪው 3,000 ገደማ። ስካላ ወደቡ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ሱቅና ምግብ ቤት ያለው እዚያ ነው። ሖራ ከላይ ኮረብታው ላይ ነው። ገዳሙ በሖራ አናት ላይ እንደ ምሽግ ቆሟል፤ የባሕር ወንበዴ እየፈሩ ስለሠሩት ነው መልኩ እንደዚያ የሆነው። በ1088 ቅዱስ ክርስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ ነው የመሠረተው። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቱን በሞላ በደብዳቤ ሰጠው። ያ ደብዳቤ ዛሬም በገዳሙ ሙዚየም ውስጥ አለ። በ1999 ሖራው፣ ገዳሙና ዋሻው አንድ ላይ በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል።

ዋሻው ከስካላ ወደ ሖራ ስትወጡ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ በላዩ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል። ወደ ውስጥ ደረጃ ይወርዳል፤ እናትሽ ቀስ ብላ ክንዷን ተይዛ መውረድ ትችላለች። ጣሪያው ዓለት ነው። ዓለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ድምፁ የመጣው በዚያ ነው ይላሉ፣ ሦስትነቱንም በሥላሴ ይተረጉሙታል። ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው ጎድጓዳ ቦታ በብር ተከቧል። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ የጻፈበት የሚሉት የድንጋይ መደብም አለ። ቦታው ጠባብ ነው። የሽርሽር መርከብ በቆመበት ጠዋት ከገባችሁ ትገፋላችሁ እንጂ አትጸልዩም። ታክሲ ነጂዎቹ መርከብ የሚመጣበትን ቀን ስለሚያውቁ ጠይቋቸው።

የመክፈቻ ሰዓቱ በየቀኑ ይለያያል፤ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስካላ ላይ አረጋግጡ። አለባበሱን እናትሽ ታስተምራችኋለች። ባለቤትሽ ቁምጣውን ይተው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። የእኛና የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ በፈረንጆቹ ከ451 ጀምሮ በቁርባን አንድ አይደሉም። ማስቀደስ፣ ሥዕሉን መሳለም፣ ጧፍ ማብራት ትችላለች። ቁርባን ግን አይሆንም። እዚያ ተሰልፋ ከምትመለስ እዚህ ብትሰማው ይሻላል።

ሰብለ_ፍራንክፈርት
ወልደ ዮሐንስ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልኝ። የጻፍከውን በስልክ አነበብኩላት። ደመራና የዮሐንስ በዓል በአንድ ቀን መሆኑን ስትሰማ እልል አለች፤ ጎረቤት መጥቶ ምንድነው እስኪል ድረስ።

የባሕር_ፈሪ
ጥያቄ። እኔ መርከብ ላይ ሆዴ ይገለበጣል። ካታማራኑ አያንገላታም?

ኪፕሴሊ (አቴና)
ያንገላታል፣ ንፋስ ካለ። በጁላይና በኦገስት ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ንፋስ ኤጅያን ባሕርን ይገለብጠዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ባሕሩ ያብዳል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ይቀንሳል፣ ግን ጨርሶ አይጠፋም። ንፋሱ ከበረታ የወደብ ፖሊስ መርከብ እንዳይነሳ ይከለክላል። ፈጣኖቹና ትንንሾቹ ቀድመው ይቆማሉ፤ ትልቁ መርከብ ከእነሱ በኋላ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ለምትፈሪ ሰው ትልቁ ይሻላል፤ መሀል ላይ ከታች ተቀመጪ፣ መድኃኒቱን ከመነሳትሽ በፊት ዋጪ፣ ሆድሽንም ባዶ አታድርጊው።

ሰብለ፣ ይህ ላንቺም ነው። ከፍጥሞ ተመልሰሽ በዚያው ቀን አውሮፕላን እይዛለሁ እንዳትይ። በረራሽ ሲደርስ ኮስ ላይ ተገኚ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቀደም ብለሽ። መርከቡ በአየር ሁኔታ ከተሰረዘ ወይ ገንዘብሽን ይመልሳሉ ወይ በሌላ መርከብ ይወስዱሻል። የአውሮፓ ሕግ እንደዚያ ነው። የሆቴል ግን አይገደዱም፤ ያመለጠሽን አውሮፕላን ደግሞ ማንም አይከፍልሽም።

ብርቱካን (ነታንያ)
ከእስራኤል ለምትጓዙ ደግሞ ሮድስ ቅርብ ነው፤ ከቴል አቪቭ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። እኛ በልጆች የትምህርት ዕረፍት እንሄዳለን። አሮጌው ከተማ በግንብ የተከበበ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ደሴቱን የያዙት የመስቀል ጦር ባላባቶች የሠሩት መንገድ እስከ ዛሬ አለ። በአይሁድ ሰፈሩ ውስጥ በ1577 የተሠራ ካሃል ሻሎም የሚባል ምኩራብ አለ፤ በግሪክ አገር አገልግሎት ከሚሰጡት ሁሉ አሮጌው ነው። ከአጠገቡ ባለው አደባባይ በ1944 ተወስደው ለጠፉት የደሴቱ አይሁዶች መታሰቢያ ቆሟል። ልጆቹን ይዛችሁ እለፉበት።

ከሮድስ እስከ ፍጥሞ ያው ካታማራን ነው፣ 5 ሰዓት ገደማ። ለሰብለ ግን ኮስ ይቀርባታል።

ሳንቶሪኒ_ባዩ
እሺ። እናትም ዋሻ አገኘች፣ ልጆችም አሸዋ። እኔስ? ብስክሌት ነው?

ኪፕሴሊ (አቴና)
ላንተ እሳተ ገሞራ አለህ።

ኮስ ፊት ለፊት ኒሲሮስ የሚባል ትንሽ ደሴት አለ። ከካርዳሜና ወይም ከኮስ ከተማ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመልስ ጀልባ አለ። ሳንቶሪኒ ላይ ገሞራውን ከዳር ሆነህ ነው የምታየው። ኒሲሮስ ላይ ግን ስቴፋኖስ የሚባለው ጉድጓድ ውስጥ ወርደህ ወለሉ ላይ ትሄዳለህ። ከመሬቱ እንፋሎት ይወጣል፣ ድኙ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ውፍረት ያለው ጫማ አድርግ። ከወደቡ አውቶቡስ ያደርስሃል። ማንድራኪና ኒኪያ የሚባሉት መንደሮች ደግሞ ያው ነጭ ቤትና ሰማያዊ መስኮት ናቸው፤ ፎቶህን የሚጋፋ ሰው ግን የለም። ሕፃናቱን ወደ ጉድጓዱ አትውሰድ፤ ሙቀቱና ሽታው አይሆናቸውም። አንተ ሂድ፣ እነሱ ቲጋኪ ይዋሉ።

የፍጥሞ ሖራም ነጭ በነጭ ነው። አመሻሽ ላይ ከላይ ሆነህ ደሴቶቹን ሁሉ ታያለህ።

ሳንቶሪኒ_ባዩ
እስከዛሬ ይህን ማን ደበቀኝ? በቃኝ፣ ድምፄን ሰጥቻለሁ።

ጉዞ_በርካሽ (ሮተርዳም)
ስሙን መቀየር አለበት 😄

ሕግ_አዋቂው (ኮሎኝ)
ወረቀቱን አትርሱ። የእናታችሁ ቪዛ የሸንገን ከሆነ ግሪክም ይሠራል፤ ዋናው ቆይታዋ ጀርመን ስለሆነ ማመልከቻው ለጀርመን ነው። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ የጉዞ መድኅኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። መድኅኑ ሁሉንም የሸንገን አገር ይሸፍን፣ ጀርመንን ብቻ እንዳይሆን። በማመልከቻው ላይም የግሪኩን ጉዞ አትደብቁ።

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። ከኮስ የቱርኳ ቦድሩም በዓይን ትታያለች፤ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ወደቡ ላይ "የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ቱርክ" እያሉ ይጠሯችኋል። የእናታችሁ ቪዛ አንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ቱርክ ረግጣ ወደ ግሪክ መመለስ አትችልም። የማውቃቸው ሰዎች ላይ ደርሷል። አትሞክሩት።

እናንተም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆናችሁ ፓስፖርቱንም አውፈንታልቱንም (የጀርመን የመኖሪያ ፈቃዱን) ሁለቱን ያዙ። በረራው ሸንገን ውስጥ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከግሪክ ስትመለሱ ጀርመን ላይ ፖሊስ ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ሊጠይቅ ይችላል።

ሰናይት_ምግብ (ሚላኖ)
እኔ የማስበው ሆድ ነው። እናታችን ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች አይደል? ግሪክ ለጾመኛ ከጣልያን ይሻላል፤ እነሱም ይጾማሉና። "ኒስቲሲሞ" በሉ፣ አስተናጋጁ ይገባዋል። ብቻ የእነሱ ጾም ላይ ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና እንደዚህ ያለ የባሕር ነገር ይበላል። ስለዚህ "ኒስቲሲሞ" ተብሎ የመጣው ሰሃን ላይ ስምንት እግር ያለው ነገር ቢገኝ እናታችን እንዳትደነግጥ፤ አስቀድማችሁ የባሕር ምግብ የለበትም ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የሚሆናትን ልንገራችሁ። ፋቫ የሚሉት የቢጫ ክክ ድፍን አለ፤ ዓይኗን ጨፍና ብትቀምሰው ክክ አልጫ ትለዋለች። ጊጋንቴስ ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም ነው። ሆርታ የተቀቀለ ጎመን ነገር ነው፣ በሎሚና በዘይት። ብሪያም አትክልት በምድጃ ነው። ሬቪቲያ ሽምብራ ነው። ዶልማዳኪያ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው፤ አንዳንዱ ሥጋ ስላለው ጠይቁ። ግሪኮች እራት የሚበሉት አምሽተው ነው፤ ለልጆቹ ቀድማችሁ ግቡ። ሰሃኑ ትልቅ ስለሆነ ለአምስታችሁ አምስት አታዙ።

በርበሬና ሽሮ ይዛ ብትመጣ ችግር የለውም። ቅቤና ቋንጣ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሲመጣ ክልክል ነው። ፍራንክፈርት ላይ ሲጥሉባት ዕንባ እንዳይመጣ።

ትዕግሥት_ዲሲ
እዚህ ገብቼ ቲኖስን ማንም ሳያነሳ መውጣት አልቻልኩም። ለእመቤታችን ለምትሳሉ ሰዎች ነው። በ1823 የተገኘ ሥዕል አላቸው። ኦገስት 15 ሕዝቡ ከወደቡ ጀምሮ ዳገቱን በጉልበቱ እየዳኸ ይወጣል፤ ለዚህ ብለው ከመንገዱ ዳር ምንጣፍ ዘርግተዋል። የእኛ ፍልሰታ የሚፈታው በሳምንቱ ስለሆነ ያን ቀን እኔ ገና በጾም ላይ ነበርኩ፤ እነሱ በግ ጠብሰው ይጠሩኛል! ከአቴና ራፊና በሚባለው ወደብ በኩል ይቀርባል። ለሰብለ በዚህ ጉዞ አይሆንም፤ ለሌላ ጊዜ ይያዝልኝ።

ኪፕሴሊ (አቴና)
ቲኖስ ወርቅ ናት። ኦገስት 15 ግን ያለ ቀደመ ማደሪያ አትሞክሩ፤ ሰው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው።

ሒሳብ_ሠሪ
ገንዘብ ማንም አላነሳም። ግሪክ ሆቴል ላይ በሌሊት የሚከፈል የአየር ንብረት ቀረጥ አለ። ስትይዙ ከምታዩት ዋጋ ውጭ ነው፤ እዚያው ስትደርሱ ነው የሚቀበሏችሁ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በአንድ ክፍል በሌሊት ባለ 1 እና ባለ 2 ኮከብ 2 ዩሮ፣ ባለ 3 ኮከብ 5፣ ባለ 4 ኮከብ 10፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ነው። በኤርቢኤንቢ ዓይነት የምትከራዩት ቤት 8 ዩሮ። ሁለት ክፍል ባለ 3 ኮከብ ለ9 ሌሊት ብትይዙ 90 ዩሮ ይመጣል። ባለ 5 ኮከብ ቢሆን 270። ልዩነቱ አንድ የመርከብ ጉዞ ይሸፍናል።

ጥሬ ገንዘብም ትንሽ ያዙ፤ ለታክሲና ለጧፍ።

የማርያም_እናት (ስቶክሆልም)
ትንንሽ ነገሮች። በትንንሾቹ ደሴቶች የቧንቧ ውሃ አይጠጡ፣ ለልጆቹ የታሸገ ግዙ። የመጸዳጃ ወረቀት ሽንት ቤት ውስጥ አይጣልም፤ ከጎን ያለው ቅርጫት ለዚያ ነው። ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ይደፈናል። ለእናትሽም ቀድመሽ ንገሪያት፣ ለባልሽም። ፍጥሞ ላይ ጤና ጣቢያ አለ፣ ከበድ ያለ ነገር ከሆነ ግን ወደ ሌሮስ ወይም ወደ ኮስ ነው የሚወስዱት። የእናትሽን የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ያዢ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ሰብለ_ፍራንክፈርት
እንግዲህ ይኸው፣ ተስማምተናል። ሴፕቴምበር 20 ፍራንክፈርት–ኮስ። ኮስ 3 ሌሊት፣ ቲጋኪ አካባቢ። 23 በካታማራን ወደ ፍጥሞ፣ እዚያ 5 ሌሊት። 28 ወደ ኮስ ተመልሰን 1 ሌሊት፣ 29 በረራ። ባለቤቴ ኒሲሮስን በ28 ከሰዓት በኋላ ያያል። ፍጥሞ ላይ ገዳሙ አጠገብ፣ ሖራ ውስጥ አንድ የሚያምር አሮጌ ቤት አግኝቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

ኪፕሴሊ (አቴና)
ሁለት ነገር አስተካክዪ።

ኒሲሮስ ጠዋት ነው የሚኬደው፤ ከሰዓት በኋላ አይሆንም። ወደ መጀመሪያዎቹ የኮስ ቀናት አምጪው። ለ21 ያዢለት፣ ንፋስ ቢሆን 22 ይተርፍሻል።

ሁለተኛ፣ ሖራ ውስጥ አትደሩ። ቤቱ ያማረ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን መኪና አይገባበትም። መንገዱ ድንጋይና ደረጃ ነው፣ የልጅ ጋሪ አይገፋም፣ እናትሽም በቀን አንዴ ብቻ ነው የምትወጣው። ስካላ ወይም ግሪኮስ ይዛችሁ ወደ ሖራ በታክሲ ውጡ፤ ደቂቃዎች ናቸው። ግሪኮስ ባሕሩ የረጋ ነው፣ ልጆቹ ከበራችሁ ወጥተው ይዋኛሉ። ለበዓሉ ዋዜማ ታክሲ ቀድማችሁ ቅጠሩ፤ ያን ማታ ደሴቱ በሞላ ወደ ላይ ነው የሚወጣው።

5ቱን ሌሊት ፍጥሞ ላይ ማድረግሽን ግን ወድጄዋለሁ።

ወልደ_ዮሐንስ
ከበዓሉ ማግስት፣ 27፣ መስቀል ነው። የግሪኮቹ የመስቀል በዓል በ14 ስላለፈ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ምንም ብታጣ አትዘን። እነሱ በዚያ ቀን በሶብላ ያድላሉ።

ሰብለ_ፍራንክፈርት
ተስተካክሏል። ግሪኮስ 2 ክፍል ያዝኩ፣ ምድር ቤት፣ ደረጃ የሌለው። የበረራ ትኬቱም ተቆርጧል። የእናቴ ቪዛ ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፤ ስንመለስ ፎቶ እለጥፋለሁ።

ከራማ_ዱባይ
ክሩን ሰርቄ ልጠይቅ። እኔ ዱባይ ነው የምኖረው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ። እኔም ፍጥሞን አማረኝ። ሸንገኑን አዲስ አበባ ሄጄ ነው የማመለክተው?

ሕግ_አዋቂው (ኮሎኝ)
አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድህ ባለበት አገር ነው። ግሪክን ብቻ ከሆነ የምታየው ለግሪክ ነው የምታመለክተው። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ መግባት ይቻላል፤ ለበጋ ቀጠሮ ቶሎ ስለሚሞላ አትዘግይ። የመኖሪያ ፈቃድህ ከጉዞው በኋላ ስንት ወር እንደሚቀረው እይና ለብቻው ክር ክፈት፤ እዚያ እንነጋገር።